ለዱባይ ጉዞዬ ከባንክ ዶላር ስገዛ

ሰው እየጠየቀኝ ስለሆነ ልጻፈው። መርካቶ ሽቶና ኮስሞቲክስ እሸጣለሁ። ጥቅምት 2015 ላይ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ ሲከለከሉ የእኔም ዕቃ እዚያው ውስጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ እገዳው አብሮ ተነሳ። በዚያው ወር 57 ብር የነበረው ዶላር 100 ለመድረስ ብዙ አልቆየም፤ የተፈቀደልኝን ዕቃ የማመጣበት ብር አጥሮኝ ቁጭ አልኩ። እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ወደ ባንኩ ልመለስ። ግንቦት 2017 ላይ ለግል ጉዞ እስከ 10 ሺህ ዶላር መግዛት ይቻላል፣ ባንኮችም ከምንዛሪ ጋር አያይዘው የሚወስዱት ክፍያ ከ4 በመቶ አይበልጥም ሲባል፣ ነሐሴ ላይ ናሙና ለማየት ወደ ዱባይ ስሄድ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በጥቁር ገበያ (ብላክ) ዶላር የሚመነዝሩትን ልጆች ትቼ ደንበኛ ወደሆንኩበት ቅርንጫፍ ገባሁ። ስሙን አልጠራም።

ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬትና ማመልከቻ ይዣለሁ። የጠየቅኩት 4 ሺህ ዶላር ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ትሑት ነው፤ «እትዬ፣ ካሽ ስለሌለን ነገ ጠዋት ብቅ ይበሉ» አለኝ። በነጋታው ስሄድ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው፣ ያለ እሱ ፊርማ አይሆንም። በሦስተኛው ቀን 2,500 ሰጡኝ። «ሌላውስ?» ብዬ ልጁን ስጠይቀው «ለሌላም ተጓዥ እናካፍል ብለን ነው» አለኝ። መመሪያው 10 ሺህ ይላል፣ ካዝናው የሚለው ሌላ ነው።

ዋጋው ከ130 ብር በላይ ነበር። የአገልግሎት ክፍያው ደረሰኙ ላይ ለብቻው ተጽፏል፤ በስልኬ አስልቼ ከ4 በመቶ በታች ሆኖ አገኘሁት። እዚህ ላይ አመሰግናቸዋለሁ። ድሮ ምኑ ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ነበር ከሒሳቤ የሚቆረጠው።

የናደደኝ ዱባይ ገብቼ፣ ዴይራ የሚባለው ሰፈር ላይ ነው። ከመቶዎቹ አንዱ ጥግ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ 7 ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቆጥሮ ያሰረ ሰው ምልክት ይመስለኛል። መንዛሪው ብርሃን ላይ ያዘው፣ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገውና መለሰልኝ። ሁለተኛው መንዛሪም እንደዚያው። ያቺ መቶ ዶላር ይኸው መሳቢያዬ ውስጥ ተኝታለች።

ታዲያ ብላክ ይሻላል ወይ? ለእኔ አይሻልም። ዋጋውም ከባንኩ ይወደዳል፣ ደግሞ ቦሌ ላይ ቦርሳዬን ክፈቺ ስባል ደረሰኙን አውጥቼ አሳየሁ፣ በቃ። ከዚያ በፊት በነበሩት ጉዞዎቼ እዚያ መስመር ላይ ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚያው ግንቦት 2017 ለአቅራቢ አስቀድሞ የሚላከው ክፍያ ጣሪያም ከ5 ሺህ ወደ 50 ሺህ ዶላር ከፍ ብሎ ነበር፤ ስጠይቃቸው ፎርሙን ሰጥተው «እንደውላለን» አሉኝ። እስካሁን ስልኬ አልጮኸም።

ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻለሁ። የምትሄዱ ካላችሁ ከበረራው ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አመልክቱ፤ ዶላሩንም መስኮቱ ላይ እንደቆማችሁ አንድ በአንድ ገልብጡት፣ ከኋላ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም።