ስም ወይስ ወሬ? የኒሽ ሽቶ ሁለት አሻሻጥ

ኒሽ ሽቶ ማለት ለብዙኃኑ ሳይሆን ለጥቂት ወዳጆች ተብሎ የሚሠራ ሽቶ ነው። ፍሬዴሪክ ማል እ.ኤ.አ. በ2000 ፓሪስ ውስጥ በስሙ የሚጠራውን የሽቶ ቤት ሲጀምር የሽቶ ቀማሚውን ስም ጠርሙሱ ላይ አተመ። ያኔ ቀማሚዎች ከመጋረጃ ጀርባ ነበሩ፤ ገኖ የሚታየው የፋሽን ቤቱ ስም ነበር። ፖርትሬት ኦፍ ኤ ሌዲ የተባለውን የማል ሽቶ ብታነሱ ዶሚኒክ ሮፒዮን የሚል የቀማሚ ስም ታነባላችሁ። ሽታውን የወደደ ሰው የሮፒዮንን ሌላ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል። ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል። «ለስም ነው እንዴ የምከፍለው?» የሚል አይጠፋም።

እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣው ኤታ ሊብር ዶራንዥ የተባለ የሽቶ ቤት ደግሞ ማስደንገጥን መረጠ። ሴክሬሲዮን ማኝፊክ የተባለው ሽቶው የተዋወቀው በደም፣ በላብ፣ በምራቅና በዘር ፈሳሽ ስም ነው። ወሬው ሠራ! ሁሉም ሊያሸተው ይጓጓል። ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ብረት ብረት ይላል፤ ከሥሩ የተበላሸ ወተት የሚመስል ነገር ይመጣል። ብዙው ሰው አንዴ አሽትቶ ፊቱን ያጨማድዳል። የወደዱት ጥቂቶች ደግሞ ወይ ፍንክች!

እኔን ከጠየቃችሁኝ ወደ ማል አደላለሁ። የቀማሚ ስም ቢያንስ ቀጣዩን ሽቶ ለመምረጥ ይረዳል። ወሬ ግን አፍንጫን ይቀድማል፤ «ላብ አለበት» ከተባላችሁ በኋላ ላቡን አለማሽተት ይከብዳል።