ከበረዶው የሚጀምሩ ሦስት ቅጾች፦ አይስዊንድ ዴል

የአር ኤ ሳልቫቶሬን ባለ ሦስት ቅጽ ምናባዊ ልቦለድ «አይስዊንድ ዴል» ለበረዶው ብሎ የሚገዛ አንባቢ አስቀድሞ ይወቅ፦ ብርዱ የነገሠው በመጀመሪያው ቅጽ ላይ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገዳቸውን ወደ ደቡብ ያደርጋሉ።

እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ዘ ክሪስታል ሻርድ» የደራሲው የመጀመሪያ የታተመ ልቦለድ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ፎርጎትን ሪልምስ በተባለው የፈጠራ ዓለም ሰሜናዊ ጠረፍ፣ አሥር ትንንሽ ከተሞች ባሉበት ቀዝቃዛ ሜዳ ነው። ብርዱ እዚህ ለማስዋቢያ የገባ አይደለም፤ ኑሮውም ጠቡም ከእሱ ይመነጫል። እህል የማይበቅልበት አገር ስለሆነ ሁሉም የሚያድረው ከሦስቱ ሐይቆች በሚወጣ አንድ የዓሣ ዘር ነው። የዓሣው የራስ አጥንት እንደ ዝሆን ጥርስ ይቀረጽና ለደቡብ ነጋዴዎች ይሸጣል። በዚህ የተነሳ ጎረቤታሞቹ ከተሞች በማጥመጃ ውሃ ይቃቃራሉ፤ ጠላት በር ላይ ቆሞም መተባበር ያቅታቸዋል። በጣም የምወደው ይህን ክፍል ነው።

የከተሞቹ ስም በጦርነቱ ምዕራፎች ላይ ስለሚደራረብ በየሐይቁ ከፍሎ መያዝ ይጠቅማል፦ በማየር ዱዋልዶን አራት፣ በላክ ዲነሺር ሦስት፣ በሬድዋተርስ ሁለት። አሥረኛዋ ብራይን ሻንደር ሐይቅ የላትም፤ በቅጥር የታጠረች የገበያ ከተማ ናት።

ሌላው ግራ የሚያጋባው ቁጥሩ ነው። ሦስቱ መጻሕፍት በኋላ «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ድሪዝት» በሚል ተከታታይ ውስጥ 4፣ 5 እና 6 ተብለው እንደገና ታትመዋል። ከ1 እስከ 3 ያሉት የዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ የጥቁር ኤልፉን ተዋጊ የድሪዝትን የልጅነትና የወጣትነት ታሪክ ይናገራሉ፤ የተጻፉት ግን ከ«ዘ ክሪስታል ሻርድ» በኋላ ነው፣ የሚጀምሩትም ከምድር በታች ባለ ጨለማ ከተማ ነው። እኔ በ4 ጀምሩ እላለሁ። ድሪዝት ከሕዝቡ ተለይቶ የመጣ እንግዳ ሆኖ ሲገባና ማንነቱ ቀስ እያለ ሲገለጥ ይጥማል።

ድክመትም አለው። ደራሲው መጀመሪያ ዋና ሰው እንዲሆን ያሰበው ዉልፍጋርን ነበር። በጦርነት ተማርኮ ለድንኩ ብሩነር አምስት ዓመት ከአንድ ቀን እንዲያገለግል የተፈረደበት ይህ ወጣት ሲያድግ እናያለን፤ የብሩነር የማደጎ ልጅ ካቲ-ብሪ ግን በመጀመሪያው ቅጽ ላይ እምብዛም ቦታ አልተሰጣትም። ክፉው ጠንቋይ ኬሰልም ስስ ነው፤ የሚያስፈራው እሱን የሚነዳው አስማታዊ ክሪስታል ነው። የሰይፍ ፍልሚያዎቹ በዝርዝር ስለሚተረኩ ትዕግሥት የሌለው ይሰለቻል።

«ስትሪምስ ኦቭ ሲልቨር» (1989) የጠፋውን የድንኮች አዳራሽ ፍለጋ ነው። «ዘ ሃፍሊንግስ ጀም» (1990) ደግሞ እስከ ሞቃታማዋ የደቡብ ከተማ ካሊምፖርት ድረስ ይወርዳል። ሁለቱን የሚያስገዛው ነፍሰ ገዳዩ አርቴሚስ ኤንትሬሪ ነው፤ በችሎታ ከድሪዝት የሚተካከል፣ በኑሮ ምርጫው ግን ተቃራኒው የሆነ ሰው። በረዶውን ብቻ የሚሻ 4ን ገዝቶ ሊያቆም ይችላል፤ ታሪኩ ጦርነቱን በሚገባ ይቋጫል።