የዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ማቆያ ወይስ መደበኛ ማቆያ? ለወላጆች ምርጫ የሚረዳ ንጽጽር

ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረውንና የልጆች ዕድገት ምርምር የሚካሄድበትን ማቆያ ከመደበኛው የግል ማቆያ ጋር የሚያነጻጽሩ ወላጆች ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያነሡት ሥጋት ልጃቸው መሞከሪያ እንዳይሆን ነው። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለምርጫ ብቻውን አይበቃም። በእኔ እምነት የበለጠ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ጉዳይ ከጠዋት እስከ ማታ ከሕፃኑ ጋር የሚውለው ሰው ማን እንደ ሆነና ከሕፃኑ ጋር እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የአቤሴዳሪያን ጥናት ነው። በጥናቱ ከታቀፉት 111 የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ሕፃናት መካከል በዕጣ የተመረጡት ከጨቅላነታቸው እስከ 5 ዓመታቸው ሙሉ ቀን ጥራት ያለው እንክብካቤ ያገኙ ሲሆን፣ ወደ ጉልምስና ሲደርሱ በንባብና በሒሳብ ካልተመረጡት የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ሁለቱም ወገኖች በእኩል ይጠኑ እንደነበር ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው እንክብካቤው እንጂ መጠናታቸው አይደለም። ስለዚህ «ምርምር የሚደረግበት ነው» የሚለው ስም ብቻውን ለልጅዎ የሚያስገኘው ጥቅም የለም።

ዩኒቨርሲቲው ብልጫ የሚኖረው በሠራተኞቹ ዝግጅት ነው። ዋና መምህራኑ ብዙውን ጊዜ በልጆች አስተዳደግ የሠለጠኑ ናቸው፤ ሥራቸውም በሌሎች ባለሙያዎች ዓይን ሥር ስለሚውል በዘፈቀደ አይሠሩም። በብዙዎቹ ዘንድ ከአንድ ወገን ብቻ የሚያሳይ መስታወት ያለው የመመልከቻ ክፍል ስለሚገኝ፣ ወላጅም ሕፃኑን ሳይረብሽ ውሎውን ሊያይ ይችላል። በአንጻሩ ረዳት ሆነው የሚገቡት ተለማማጅ ተማሪዎች የትምህርት ወቅት ባለቀ ቁጥር ይቀያየራሉ። ይህ ለ4 ዓመት ልጅ አዲስ የጨዋታ ጓደኛ ማግኘት ሊሆን ይችላል፤ የለመደውን ሰው ሲያጣ ለሚረበሽ የ10 ወር ሕፃን ግን ከባድ ነው።

በግል ማቆያዎች ዘንድ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በአንዳንዶቹ ሞግዚቶች በደመወዝ ማነስ ምክንያት በየጊዜው ይለቃሉ፤ ጥሩ በሆኑት ግን አንዲት ሞግዚት አንድን ሕፃን ከመዳህ እስከ መሮጥ ታደርሰዋለች፤ ይህንንም የትኛውም የምርምር ክፍል አይተካውም። የአሜሪካው የሕፃናት ትምህርት ባለሙያዎች ማኅበር ለጨቅላ ሕፃናት የሚመክረው ምጣኔ 1 አዋቂ ለ4፣ በአንድ ቡድን ውስጥም ከ8 ያልበለጡ ሕፃናት ነው። በዩኒቨርሲቲው ማቆያ ተለማማጆቹ በዚህ ቁጥር ውስጥ ይቆጠሩ እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ የሚቆጠሩ ከሆነ ምጣኔው በወረቀት ላይ የሚታየውን ያህል የሚያስመካ አይደለም።

ወደ ምርምሩ ስንመለስ፣ አብዛኛው ጥናት ወላጅ እንደሚፈራው አይደለም። ለምሳሌ አጥኚዋ የቀለም እርሳስ ሳጥን ከፍታ በውስጡ ሻማ መኖሩን ለልጁ ካሳየችው በኋላ «ሳጥኑን ከፍቶ ያላየ ጓደኛህ ምን አለበት ብሎ ያስባል?» ትለዋለች። የ3 ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ «ሻማ» ይላል፤ የ5 ዓመቱ ግን ጓደኛው እንደማያውቅ ተረድቶ «ቀለም» ይላል። በደንብ በሚመራ ማቆያ አጥኚዋ አስቀድማ ከልጆቹ ጋር ተጫውታ ትለመዳለች፤ ልጁ «አልሄድም» ካለም አይለመንም፣ አይደለልም። ወላጅ ለእያንዳንዱ ጥናት ለብቻው ፈቃዱን ሲጠየቅ፣ እምቢ ቢል የልጁ ቦታ የማይነካ ሲሆንና የተቀረጸው ምስል የት እንደሚቀመጥ፣ መቼም እንደሚጠፋ በጽሑፍ ሲሰጠው ብቻ አሠራሩ የሚታመን ይሆናል። የጥናት ውጤት የሕክምና ምርመራ እንዳልሆነም ልብ ማለት ያሻል፤ ስለ ልጅዎ ንግግር ወይም እንቅስቃሴ የሚያሳስብዎ ነገር ካለ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

በሰዓት ረገድ የግሉ ይመቻል። የዩኒቨርሲቲው ማቆያ በትምህርት ዕረፍት ሊዘጋ ይችላል፤ ቅድሚያም ብዙ ጊዜ ለራሱ ሠራተኞችና ተማሪዎች ስለሚሰጥ ወረፋው ረጅም ነው።

እኔ ብመርጥ፣ ልጁ 3 ዓመት ከሞላውና የሥራ ሰዓቴ ከፈቀደልኝ የዩኒቨርሲቲውን እመርጣለሁ። ከ2 ዓመት በታች ላለና ረጅም ሰዓት ለሚውል ሕፃን ግን፣ የዩኒቨርሲቲው ማቆያ የማትቀየር አንዲት ተንከባካቢ ካልመደበለት በቀር፣ ሞግዚቶቹ የሚበረክቱበትን የግል ማቆያ አስቀድማለሁ። በሁለቱም ዘንድ ጉብኝትዎ ዳይፐር በሚቀየርበትና ሕፃናቱ በሚመገቡበት ሰዓት ይሁን፤ ሞግዚቷ በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ሕፃኑን ዓይን ዓይኑን እያየች ታነጋግረው እንደ ሆነ ይመልከቱ። የዩኒቨርሲቲውን ከመረጡም የእንክብካቤው ውልና የምርምሩ ፈቃድ በሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ እንዲቀርቡልዎ ይጠይቁ፤ ሁለቱ በአንድ ፊርማ ከተጠቃለሉ አይፈርሙ።