ለሁለት ሰው ሞተር የዝናብ ልብስ፦ ውዱ ስስ፣ ፖንቾው ወይስ ወፍራሙ ፕላስቲክ?

ከውሽውሽ ከተመለስን ወዲህ የሻይ ማሳውን ፎቶ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «እኛም በክረምት በሞተር ልንሄድ ነው። ምን ለብሳችሁ ነው የሄዳችሁት?» ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ጃኬትና ሱሪው ለየብቻ የሆነውን ወፍራም ፕላስቲክ ግዙ። ለሁለታችሁም አንድ ዓይነት ይሁን። እኔ ይህን የተማርኩት 3,800 ብር ከስሬ ነው።

የምንኖረው ጅማ ነው። በ2017 ሐምሌ እኔና ባለቤቴ ቦክሰር ሞተራችንን ይዘን ተነሳን። መንገዱ በሰቃና በሸቤ አልፎ ወደ ጎጀብ ይወርዳል፤ ከዚያ በጊምቦ በኩል ወደ ቦንጋ ይወጣል። ከጅማ እስከ ቦንጋ መቶ ኪሎ ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ውሽውሽ ከቦንጋ አለፍ ብሎ በሚዛን መንገድ ላይ ይገኛል። ቦንጋም ውሽውሽም ያሉበት ካፋ ዝናብ የማይለየው አገር ነው። ሻዩም የሚያምረው በዚሁ ዝናብ ነው። ስለዚህ «ምናልባት አይዘንብም» ብሎ መውጣት አይሆንም።

ባለቤቴ የራሱን የገዛው እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ ነው። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ፕላስቲክ። 2,200 አሉት፤ ተከራክሮ በ1,650 ብር ወሰደ። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ስለነበር መርካቶ ገባሁ። ስስ፣ ቀላል፣ ተጣጥፎ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ልብስ አየሁ። ቀለሙም ደስ ይላል። ደረቱ ላይ የታወቀ የውጭ አገር ስም ተለጥፎበታል። ሻጩ «እህት፣ ይሄ ኦርጅናል ነው፤ ውሃ አያስገባም፣ ላብ ያስወጣል» አለኝ። 5,000 ብሎ ጀምሮ በ3,800 ተስማማን። ከባለቤቴ ልብስ ዋጋ እጥፍ አልፎ ተርፎ ማለት ነው። ውድ ስለሆነ ብቻ ጥሩ መሰለኝ።

ዝናቡ ሸቤ ላይ ያዘን። መጀመሪያ ላይ ምንም አልነበረም። ጎጀብ ቆላ ወርደን ስናቋርጥ እንዲያውም ደልቶኝ ነበር። ባለቤቴ በፕላስቲኩ ውስጥ በላብ ሲጠመቅ እኔ ቀለል ብሎኛል። ከጎጀብ ወጥተን ሽቅብ ስንያያዘው ዝናቡ በረታ። ጊምቦ ሳንደርስ ከወገቤ በታች ርሼ ነበር።

ሞተር ላይ ውሃ የሚገባው በትከሻ አይደለም። ከጃኬቱ ላይ የሚወርደው ውሃ ጭናችሁ መሃል ይጠራቀማል፤ እናንተ ደግሞ እላዩ ላይ ተቀምጣችኋል። ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ይብሳል። ከፊት ያለው ሰው ጀርባ ላይ የሚወርደው ውሃም እዚያው ይመጣል፤ የኋላ ጎማው ደግሞ ጭቃ ውሃ ይረጫል። ስለዚህ ልብሱን የሚለየው የሱሪው የመሃል ስፌት ነው።

ቦንጋ አልጋ ይዘን ልብሱን ገልብጬ አየሁት። ጥሩ የዝናብ ልብስ ስፌቱ ሁሉ ከውስጥ በሙቀት በተለጠፈ ጥብጣብ ይሸፈናል፤ ምክንያቱም መርፌ ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ውሃ ይገባል። የእኔው አንገቱና ደረቱ ላይ ጥብጣብ አለው፤ ሱቅ ውስጥ ገለጥ ሲደረግ የሚታየው ቦታ ላይ ማለት ነው። ሱሪው መሃል ግን ባዶ ስፌት ነው። ብብቱ ሥር ያለውን ጥብጣብ በጥፍሬ ስነካው እንደ ቁስል ፕላስተር ተልጦ መጣ። ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ያን ሌሊት በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬም ስንቀጠቀጥ አደርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጉዞውን ከማቋረጥ ብለን ቦንጋ ሱቆች ዞርን። እንደ ባለቤቴ ያለውን ወፍራሙን አገኘን፤ 1,900 ብር፣ ያለው ቁጥርም ትልቁ ብቻ ነው። ወሰድኩት። አሁን ሒሳቡን ተመልከቱ። ለእኔ ብቻ 5,700 ብር ወጣ። ጅማ ላይ ሁለት ወፍራም ገዝተን ቢሆን ኖሮ ለሁለታችን 3,300 ይበቃን ነበር። ባልና ሚስት በአንድ ሞተር ሲሄዱ ዋጋ የሚሰላው ለሁለት ነው። አንዱ ከረጠበ ሁለቱም ይቆማሉና ለአንዱ ውድ ለአንዱ ርካሽ የሚባል ነገር አይሠራም።

ውሽውሽ ስንደርስ ጉሙ ማሳው ላይ ተኝቷል። ኮረብታው ሁሉ እንደተከረከመ አጥር እኩል የሆነ አረንጓዴ ነው። በዚያ ካፊያ ለቃሚዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ሁለት ለጋ ቅጠልና እምቡጡን ቀንጠስ እያደረጉ ከጀርባቸው ቅርጫት ይጨምራሉ። የተቀጠፈው ቅጠል ቶሎ ፋብሪካ መድረስ ስላለበት ዝናብ ቆሞ እስኪያባራ አይጠበቅም። የታጠቁት ምን መሰላችሁ? ወፍራም ፕላስቲክ። ቀኑን ሙሉ እርጥብ ቁጥቋጦ መሃል የሚውል ሰው የመረጠውን አይቼ ልቤ ረጋ።

ስለ ፖንቾ፣ እንደ ካባ በአንገት ስለሚጠለቀው ሰፊ የዝናብ ልብስ፣ ብዙ አልልም። ያኔ ከ400 እስከ 500 ብር ይገኝ ነበር። ለእግረኛ ጥሩ ነው። ሞተር ላይ ግን ነፋስ ያነሳዋል፤ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ፖንቾ ጫፍ ደግሞ ካቴናውና ጎማው አጠገብ ይንጠለጠላል። ከተጠመጠመ የሚጎዳው ልብሱ ብቻ አይደለም። ሰፈር ውስጥ እንኳ ሞክረነው አንድ ኪሎ ሜትር ሳንሄድ አውልቄዋለሁ። በነጻ ቢሰጧችሁም ለሞተር አትልበሱት።

ወፍራሙም ነቀፌታ አለው። ቆላ ላይ ያልባል። ጎጀብ ስትደርሱ ዝናብ ከሌለ ጃኬቱን አውልቁት። ይከብዳል፤ ታጥፎም ቦታ ይይዛል። ደጋ ላይ ጠዋት ጠዋት በብርዱ ደንደን ይላል። ትልቁ ጠላቱ ግን ማርሚታ ነው። ስንመለስ የቀኝ እግሬ ሱሪ ማርሚታውን ነክቶ የአምስት ሳንቲም ፍራንክ የሚያክል ቀዳዳ ወጣበት።

ጥገናው ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። እንደ ካላማዳሪ በማስቲሽ ለጠፈልኝ፤ 100 ብር። በሦስተኛው ቀን ተላቀቀ። ማስቲሽ የሚይዘው ጎማን ነው እንጂ ይህን ፕላስቲክ አይደለም። ኋላ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የፕላስቲክ ቧንቧ ማጣበቂያ ሞክሪ አለኝ። ከኪሱ ውስጠኛ ክፍል ቁራጭ ቆርጬ በዚያ ለጠፍኩት። ቦታው ትንሽ ደንደን አለ እንጂ እስካሁን ይዟል። ማጣበቂያው 180 ብር ነበር፤ ብዙ ስለሚተርፍ ለጎረቤትም ይሆናል። ስሱን ልብስ ግን የሚጠግን ሰው አላገኘሁም። ልብስ ሰፊ ጋ ብትወስዱት በመርፌ ሌላ ቀዳዳ ይጨምርበታል።

ስትገዙ ልብሱን ገልብጡ። ወፍራሙም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ስፌቱ በሙቀት ተበይዶ የተያያዘውን ምረጡ፤ የክር መስመር ካያችሁ ተዉት። ከዚያ የሱሪውን መሃል እንደ ከረጢት ይዛችሁ ግማሽ ሊትር ውሃ አፍስሱበት። ከሥር መሐረብ ያዙና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ሻጩ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ከወትሮው ቁጥራችሁ አንድ ከፍ አድርጉ፤ ሞተር ላይ ስትቀመጡ ሱሪው ወደ ላይ ይሸሻል። እግሩ ከቦት ጫማው ውጭ ይውረድ፤ ውስጥ ከገባ ጫማው ውሃ ይሞላል። ቀለሙ ቢጫ ይሁን። በዚያ ጉም ጥቁርና ሰማያዊ አይታይም።

የፕላስቲክ ቦት 700 ብር ገዝተናል፤ ይበቃል። ለእጅ የሱፍ ጓንት ላይ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት ደረብን፤ 120 ብር። ሰነድና ስልክ በሁለት ፌስታል።

ቤት ስትደርሱ እርጥቡን አታጥፉት፤ ይሻግታል። ፀሐይ ላይም አታስጡት፤ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ጥላ ሥር አንጠልጥሉት።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ጓደኛዬ ሂርማታ ሄዳ ደወለችልኝ። ዋጋው ጨምሯል፤ 2,400 ብለው ጀምረው 1,950 ላይ ቆመዋል። የመጀመሪያው ሱሪ ውሃ ሲፈስበት አንጠባጠበ። ሁለተኛው ያዘ። ሁለት ወስዳለች።