ለማለስለሻ ማሽን ከበሮ፦ የብረት ቱቦ ወይስ ኤምዲኤፍ?

ራስ ሠርቶ በሚገጣጥሙት የእንጨት ማለስለሻ ማሽን ላይ ልፋቱ ከበሮው (ብርጭቆ ወረቀት ተጠምጥሞበት የሚሽከረከረው ድብልብል ክፍል) ላይ ነው፤ ሞተር፣ ቺንጋና ኩሽኔታ ተገዝቶ ይገጠማል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ድርጅት የብረት ቱቦ ያዋጣል። ግን ብየዳ ብረትን ስለሚያጣምም ዘንጉ ከተበየደ በኋላ ቶርኖ ቤት መሄድ ግድ ነው፤ ያልተስተካከለ ከበሮ በደቂቃ 1,400 ዙር ሲሽከረከር ጣውላው ላይ ሞገድ ይተዋል።

ለጓሮ ሥራ እኔ ኤምዲኤፍ (የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) እመርጣለሁ። ክብ ክብ ተቆርጦ፣ በኮላ ተደራርቦ ዘንጉ ላይ ከጠበቀ በኋላ እዚያው ማሽኑ ላይ ይስተካከላል፦ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት ጠፍጣፋ ሳንቃ ከሥሩ አስገብቶ፣ ከበሮው እየዞረ ሳንቃውን ቀስ በቀስ ወደ ላይ ማስጠጋት ነው። አቧራው አይጣል ነው፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። እርጥበት ካገኘው ግን ያብጥና ክብነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀቱ ከመጠምጠሙ በፊት ቫርኒሽ ይቀባ።