ኢቲሞንላይን፦ ፍርድ ቤት ለሚውል አስተርጓሚ

ካሊፎርኒያ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ስልኬ ላይ ከማይዘጉት ገጾች አንዱ ኢቲሞንላይን ነው። የእንግሊዝኛ ቃላትን የዘር ሐረግ የሚቆጥር መዝገበ ቃላት ሲሆን፣ ያዘጋጀው ዳግላስ ሃርፐር የሚባል አሜሪካዊ ነው። ቃሉን ትጽፋላችሁ፤ ከየት እንደመጣና መቼ ገደማ ጽሑፍ ላይ እንደታየ ያወጣላችኋል። ክፍያ የለውም።

እንጀራዬ ላይ የሚጠቅመኝ እንዴት እንደሆነ በአንድ ቃል ላሳያችሁ። «ኤግዞነሬት» ሲባል ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው «ነፃ ወጣ» ነው። ያለጥፋቱ ተፈርዶበት ዓመታት የታሰረ ሰው ንጽሕናው ሲረጋገጥ ከሆነ፣ አዎ፣ ልክ ነው። ዳኛዋ ቅጣት ከወሰነች በኋላ «ቤይል ኢዝ ኤግዞነሬትድ» ስትልስ? («ቤይል» ዋስትና ነው።) ሰውዬው ጥፋተኛ ተብሏል፣ ካቴናው እየገባለት ነው። እኔ «ነፃ ወጣ» ካልኩ እናቱ ከኋላ ወንበር እልልታዋን ታቀልጠዋለች።

የቃሉ ሥር ግን መንገዱን ያሳያል። ከላቲን ነው፤ «ኤክስ» ከ... ውጭ፣ «ኦኑስ» ሸክም። ሸክም ማራገፍ ማለት ነው። እዚህ ሸክሙ የወረደለት ተከሳሹ ሳይሆን ዋሱ ነው። ሰውዬውን አቀርባለሁ ብሎ ነበር፤ አቀረበ፤ አለቀ። «ዋሱ ከዋስትናው ወርዷል» እላለሁ፣ ሁሉም ይገባዋል።

በትርጉም የሚቀርቡትን ቃላት መከተልም ደስ ይላል። «ኤክስከልፔት» ከጥፋት ነፃ ማድረግ ነው፤ ውስጡ «ኩልፓ» አለ፣ ጥፋት። «አኩዊት» ዛሬ ተከሳሽን ጥፋተኛ አይደለም ብሎ ማሰናበት ነው፤ ድሮ ግን ዕዳ መክፈል ነበር። «አብሶልቭ» መፍታት ነው። የኛ ቄስ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ሲሉ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው፤ ላቲኑና ግዕዙ ሳይመካከሩ ተገናኙ።

ታዲያ የሕግ መዝገበ ቃላት አድርጋችሁ እንዳትይዙት። «አኩዊት» የተደረገ ሰው ንጹሕነቱ ተረጋገጠ ማለት አይደለም፤ ዓቃቤ ሕጉ ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አላስረዳም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጉዳይ ብላክስ ሎው ዲክሽነሪ የሚባለውን የሕግ መዝገበ ቃላት ይፈልጋል። ዋጋው ግን ወገብ ይቆርጣል፤ ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ብታዩት ይሻላል። እንግሊዝኛ ገና እየጀመረ ላለ ሰውም ኢቲሞንላይንን አልመክርም፤ የድሮ ፈረንሳይኛውና ላቲኑ ተደራርቦ ያደክመዋል። ለአስተርጓሚና ለተርጓሚ ግን ዓይኔን ሳላሽ ነው የምመክረው።