በሃይሉክስ ፒካፕ ላይ ትልቅ ጎማና የፊት ማንሻ፦ ከአሥር ወር አገልግሎት በኋላ

ከጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ የሚያቋርጠውና በሐረና ደን ውስጥ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ መኪናን በአንድ ቀን በሁለት ዓይነት ፈተና ያሳልፋል። ላይ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ስለታም ድንጋይና ኮረኮንች ነው፤ ታች ደኑ ውስጥ ደግሞ ዝናብ በነካው ቁጥር የሚያንሸራትት ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ወቅት በወር ሁለት ጊዜ እመላለስበታለሁ። ባለፈው ዓመት ሪራ አካባቢ አንድ ድንጋይ የኋላ ጎማዬን ጎን ሰንጥቆ ከጥቅም ውጭ አደረገው፤ በዚያው ጉዞ የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) መከላከያ ብረት ሦስት ጊዜ ከመሬት ጋር ተፋጭቷል። አዲስ አበባ እንደተመለስኩ አምስቱንም ጎማ በትልቅ ለመቀየርና የመኪናዋን ፊት በጥቂቱ ከፍ ለማድረግ ወሰንኩ። መኪናዋ የ2018 ሞዴል ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ስትሆን፣ ሞተሯ ባለ 2.4 ሊትር ናፍጣ ነው።

ከጎማው ልጀምር፤ ገንዘቡም ጥቅሙም ያለው እሱ ላይ ነውና። መኪናዋ ስትገዛ የነበራት በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ 265/65 ሲሆን፣ የቀየርኩት በዚያው ቸርኬ 265/70 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ከስፋቱ ስንት መቶኛ ያህል ቁመት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ የጎኑ ቁመት ከ172 ሚሊ ሜትር ወደ 185 ከፍ ይላል፤ የጎማው አጠቃላይ ቁመት ደግሞ ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ያድጋል። ከዚህ ጭማሪ መሬቱና መኪናዋ መካከል የሚገባው ግማሹ ብቻ ነው፣ ማለትም 13 ሚሊ ሜትር። ትንሽ ቢመስልም፣ የኋላውን ዲፈረንሻል (በአክሰሉ መሃል ኃይልን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለውን ክፍል) ከመሬት ሊያርቅ የሚችለው ይህ ብቻ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የኋላው አክሰል በጎማዎቹ መካከል የተዘረጋ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ፣ ከላይ ምንም ዓይነት ማንሻ ቢጨመር እሱ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

የመረጥኩት ኦል ቴሬን የሚባለውን፣ ጥርሱ ገጠጥ ያለና ጎኑ የተደራረበ፣ ለከባድ ጭነት የተሠራ ጎማ ነው። በድንጋይ ላይ ያሳየኝ ለውጥ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ዘንድሮ በዚያው መንገድ ስድስት ጊዜ ተመላልሼ አንድም ጊዜ ጎሚስታ ቤት አልቆምኩም። ከጉዞ መልስ መኪናዋን አሳጥቤ ጎማዎቹን በእጄ እየዳሰስኩ ስመረምር፣ የግራው የፊት ጎማ ጎን ላይ የጣቴን ጥፍር የሚያስገባ ጭረት አገኘሁ፤ የቀድሞው ጎማ ቢሆን ኖሮ እዚያው ደን ውስጥ ይጥለኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። በጭቃውም ቢሆን ጥርሶቹ መካከል የተሰገሰገው አፈር በራሱ እየተራገፈ ስለሚሄድ፣ ቀድሞ የግድ አራቱንም ጎማ አስይዤ የምወጣውን ዳገት አሁን አንዳንዴ በኋላ ጎማ ብቻ እወጣዋለሁ።

ዋጋውን ግን ሳልናገር አላልፍም። ጎማው ከነቸርኬው ከቀድሞው አምስት ኪሎ ግራም ያህል ይከብዳል፤ ስለዚህ መኪናዋ ከቆመችበት ስትነሳ ትንሽ ትጎተታለች፣ ፍሬንም ቀደም ብሎ መያዝ ይጠይቃል። ባዶዋን ስትሄድ ወንበሩ ላይ ያለ ሰው የመንገዱን እያንዳንዱን ጠጠር ይቆጥራል። አስፋልት ላይ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ደግሞ ዝግ ያለ ጉምጉምታ ይሰማል፤ ከቤተሰብ ጋር ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ወደ ማንሻው ስመጣ፣ መጀመሪያ የተሠራልኝ ሥራ ስህተት ስለነበረ በዝርዝር ልናገር። ፒካፕ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ብሎ የሚሠራው ጭነት ሲጫንበት የኋላው ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ቅጠል) ተጭኖ እንዲስተካከል ነው። የኔዋ ባዶዋን ስትቆም ፊቷ ከኋላዋ 45 ሚሊ ሜትር ዝቅ ያለ ነበር። ሌቨሊንግ ኪት የሚሉት ነገር በሃይሉክስ ላይ ሲታይ እጅግ ቀላል ነው፤ የፊቱ አሞርዛተርና ሞላ (ንዝረት የሚያበርደው ዘንግና የተጠቀለለው ስፕሪንግ) አንድ ላይ ተሰክተው በሦስት ቡሎን ከሻንሲው ጋር ከሚታሰሩበት ቦታ ላይ፣ በመካከል የሚገባ ወፍራም ክብ ብረት ነው። ከዱባይ የሚመጣ አለ፤ ብረት በማሽን የሚቀርጽ ቶርኖ ቤትም በአሉሚኒየም ያወጣዋል። እኔ የሄድኩበት ጋራዥ ፊቷን በ30 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉልኝ ስላቸው፣ በቶርኖ 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት አስወጥተው ገጠሙልኝ።

መኪናዋ ከጋራዡ ስትወጣ አፍንጫዋ ከኋላዋ በልጦ ነበር። እኔም በመልኳ ተደስቼ ምንም ሳልጠይቅ ወሰድኳት። በሦስተኛው ሳምንት መሪውን ሙሉ ለሙሉ ጠምዝዤ ስዞር ከቀኝ የፊት ጎማ በኩል ተክ ተክ የሚል ድምፅ መጣ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ የሴሚያሱ (ኃይልን ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ) የላስቲክ ሽፋን ከእጥፋቱ ላይ ተልጦ ግሪስ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ተረጭቷል። በሃይሉክስ ብዙ ዘመን የሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ስወስዳት፣ በክሪክ አንስተው ጎማውን አየር ላይ ሲያንጠለጥሉት የላይኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ሞላውን ሊነካ ምንም አልቀረውም። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ከላይ አንድ የጨመርከው ታች ጎማው ዘንድ ሁለት ይሆናል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሞርዛተሩ የተተከለው ጎማው አጠገብ ሳይሆን በታችኛው ብራቾ መሃል አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ብራቾው እንደ መፈንቅል ይሠራል፣ ከላይ የገባው ውፍረት ጎማው ጋ ሲደርስ ወደ እጥፍ ይጠጋል። 30 ሚሊ ሜትር ብረት መኪናዋን 30 ሳይሆን 58 ሚሊ ሜትር አነሳት። ሴሚያሱ ካልተሠራበት ማዕዘን ላይ እየዞረ ራሱን በላ። አዛውንቱ ብረቱን አውጥተው በቶርኖ ወደ 15 ሚሊ ሜትር አስወረዱት፣ የላስቲክ ሽፋኑን ቀየሩት፣ ከዚያም አላይመንት አሠሩት። የመጀመሪያው ጋራዥ አላይመንቱን ጭራሽ አልነካውም ነበር፤ ፊት ከፍ ሲል የጎማዎቹ አቅጣጫና ዘንበልታ አብሮ እንደሚዛባ እያንዳንዱ ባለሙያ ማወቅ ይገባዋል፤ ያ ባለመሠራቱ አዲሱ ጎማ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከውስጥ በኩል መበላት ጀምሮ ነበር። ይህ አሁንም ያሳዝነኛል፤ ማንሻው ከአንድ ጎማ ዋጋ አንድ አሥረኛ የማይሞላ ሆኖ፣ ያበላሸው ግን ውዱን ጎማ ነው።

በ15 ሚሊ ሜትሩ ብረት ፊቷ 29 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሏል፤ ባዶዋን ስትሆን ከኋላዋ 16 ሚሊ ሜትር ዝቅ ትላለች። ድምፁ ጠፍቷል፣ ኮፓውም ዘንድሮ አልተፋጨም። ሆኖም ስድስት ኩንታል ቡና ስጭን ኋላዋ 60 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚወርድ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ያያል። በሌሊት ከሻሸመኔ ወደ ዝዋይ ስመጣ ከፊት የሚመጡ ሾፌሮች ደጋግመው ረጅም መብራት ያበሩብኝ ነበር፤ እኔ አጭሩን አብርቼ ዓይናቸውን እየወጋሁት መሆኔን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አሁን በጫንኩ ቁጥር ዳሽቦርዱ ላይ ባለው መጠምዘዣ መብራቱን እስከ መጨረሻው አወርደዋለሁ። ሁልጊዜ ጭነት የሚጭን ሰው ማንሻውን ይተወው ወይም ከኋላ ባሌስትራ ይጨምርበት እላለሁ።

ቀሪውን ባጭሩ ልናገር። ጎማው መሪ ሙሉ ተጠምዝዞ ወደ ኋላ ስነዳ የጭቃ መከላከያውን ላስቲክ ይነካ ነበር፤ ሁለት ጣት ያህል ቆርጠንለት አበቃ። የፍጥነት መለኪያው ቀድሞ 100 ሲል ጂፒኤሱ 96 ያሳይ የነበረው አሁን 99 ያሳያል፤ ስለዚህ በዚህ በኩል እውነተኛ ሆኗል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ከእውነተኛው 3.3 በመቶ አሳንሶ ይቆጥራል፤ 5,000 ብሎ ለዘይት ቅየራ ሲጠራኝ መኪናዋ የሄደችው 5,170 ነው። ነዳጅ ሲሰላም ይህ ካልታሰበ ያሳስታል፦ በቆጣሪው 440 ኪሎ ሜትር በ46 ሊትር ስትሄድ በመቶ 10.5 ሊትር የበላች ይመስላል፤ በትክክለኛው 455 ኪሎ ሜትር ሲካፈል ግን 10.1 ነው። ቀድሞ 9.6 ነበር። አምስተኛውን፣ ስኮርታውን፣ በአሮጌው ልክ ትቶ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚያስብ ካለ አይሞክረው። በአራት ጎማ ሲኬድ ልካቸው የተለያየ ጎማዎች ካምቢዮው ላይ ጫና ይፈጥራሉ፣ ስኮርታ የሚያስፈልገው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያው ጭቃ ውስጥ ነው።

ጎማውን ነገ ሌላ ሃይሉክስ ብገዛ መጀመሪያ የማስገባው እሱ ነው። ማንሻውን ግን ለብቻው አላስገባውም፤ ከመጪው የቡና ወቅት በፊት አዛውንቱ መካኒክ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ተጨማሪ ቅጠል ባሌስትራ ሊያስገቡልኝ ተስማምተናል፤ ቅጠሉን ከገጠሙት በኋላ ስድስት ኩንታል ጭነን የፊቱንና የኋላውን ከፍታ እዚያው ጋራዡ በር ላይ እንለካለን።